ነጭ ዲስክ ላይ ጥለት፣ ፊደልና የፈለጉትን ሥዕል ቤት ውስጥ ማቅለም፦ ልምድም ጥያቄም እዚህ ጣሉ

ቀለም_ነካሪ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያቀለምኳቸውን የዲስክ ጎልፍ ዲስኮች (ቅርጫት ውስጥ የሚወረወሩትን የፕላስቲክ ሰሃኖች) ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንድ ቦታ ብንሰበስበው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የከፈትኩት። የምታውቁትን ጨምሩበት፣ የማትስማሙበት ነገር ካለም በግልጽ ተናገሩ።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልበል። የዲስክ ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም ላዩ ላይ አይቀመጥም፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል። በጥፍር ብትፍቁት አይነሳም። ዛፍ ቢገጭ አይላጥም። ለዚህ ነው የሥራው ግማሽ ዲስኩን ስትገዙ የሚያልቀው። ፕላስቲኩ ቀለም የማይቀበል ከሆነ እጃችሁ የቱንም ያህል ቢሠለጥን ዋጋ የለውም።

ቀለም የሚቀበሉት ዋጋቸው ከፍ ያሉት የፕላስቲክ ዓይነቶች ናቸው፣ በየአምራቹ ልዘርዝራቸው። ከኢኖቫ ስታርና ቻምፒየን፣ ከዲስክራፍት ኢኤስፒና ዚ፣ ከላቲቲውድ 64 ጎልድና ኦፕቶ፣ ከዳይናሚክ ዲስክስ ሉሲድ፣ ከኤምቪፒ ኒውትሮን። ዲኤክስና ፕሮ-ዲ የሚባሉት ርካሾቹ ግን ወይ ጭራሽ አይወስዱም፣ ወይ ደብዝዞና ተዥጎርጉሮ ነው የሚወጣው።

ማቅለሚያው ደግሞ ለፖሊስተርና ለናይሎን ጨርቅ የተሠራው መሆን አለበት። እኔ የምጠቀመው አይዳይ ፖሊ የሚባለውን ነው፣ በ14 ግራም ፓኬት ይሸጣል። ስትገዙ «ፖሊ» የሚለውን ቃል አይታችሁ ግዙ። ፖሊ ያልተባለው አይዳይ ለጥጥና ለመሳሰሉት ነው፣ ዲስክ ላይ አይሠራም። ፈሳሽ ከፈለጋችሁ ሪት ዳይሞር አለ፣ እሱም ይሠራል። ተራውን ሪት ተዉት።

አሠራሬ ይኸውላችሁ። ዲስኩን በእቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቤ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ በአልኮል እወለውለዋለሁ። የእጅ ቅባት ያለበትን ቦታ ቀለሙ ይዘለዋል፣ የጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የፋብሪካውን ማኅተም ማጥፋት ከፈለግኩ ጥጥ በአሴቶን አርሼ ቶሎ ቶሎ እጠርገዋለሁ። ቀጥሎ ኦራካል 651 የሚባለውን ስቲከር ዲስኩ ላይ ለጥፌ ሥዕሉን በስለታም ምላጭ እቆርጣለሁ። እዚህ ጋ እጅ መክበድ የለበትም። ምላጩ ስቲከሩን አልፎ ፕላስቲኩን ከነካው ያች ጭረት ቀለሙን አብዝታ ትጠጣለች፣ በኋላ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ሆና ትታያለች። ቀለም እንዲገባበት የምፈልገውን ክፍል እነቅላለሁ፣ የቀረው ተሸፍኖ ይቆያል።

ከዚያ ማቅለሚያውን ውሃ ውስጥ በጥብጬ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አደርሰዋለሁ። ቴርሞሜትር የግድ ነው። መፍላት የለበትም፣ በጣም ከሞቀ ዲስኩ ይጣመማል። ድስቱ ውስጥ መጀመሪያ ብይ እደረድራለሁ፣ ምክንያቱም የድስቱ ወለል ከውሃው ይበልጥ ስለሚሞቅ ዲስኩ በቀጥታ ሊነካው አይገባም። ዲስኩን በፊቱ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ። ለጥቁር ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ለፈዛዛ ቀለም ያነሰ። በየመሃሉ አውጥቶ ማየት ይቻላል።

አውጥቼ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ስቲከሩን የምነቅለው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይታጠብ ከተነቀለ ስቲከሩ ላይ የቀረው ቀለም ነጩ ላይ ይንጠባጠባል።

ጀማሪው_ከዳላስ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ዘርዝሮ የጻፈ አላየሁም። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከጓደኛዬ የወሰድኩት ብርቱካናማ ስታር አለኝ፣ እሱ ይሆናል ወይስ የግድ ነጭ መግዛት አለብኝ? ደግሞ ነጭ ቀለም የትኛው ነው የሚሻለው? ብርቱካናማው ላይ ነጭ አንበሳ ነበር ያሰብኩት።

ቀለም_ነካሪ

ነጭ ማቅለሚያ የሚባል የለም ወንድሜ። ነጭ ሆኖ የሚታየው አንተ የሸፈንከው ቦታ ነው። ማቅለሚያው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለው ቀለም ሁልጊዜ ይታያል። ቢጫ ዲስክ ላይ ሰማያዊ ብታስገባ አረንጓዴ ታገኛለህ። ብርቱካናማ ላይ በደንብ የሚወጣው ጥቁር ነው፣ ምናልባት ጠቆር ያለ ቀይ። ስለዚህ አንበሳህን ጥቁር አድርገው፣ ወይም ዳራውን ሁሉ አጥቁረህ አንበሳው በዲስኩ ብርቱካናማ ይቅር። እንደውም ሁለተኛው በጣም ያምራል።

ነጭ ስትገዛ እንደ ስታር ያለው ደፋኑ ነጭ ቀለምን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ቻምፒየን ወይም ዚ ዓይነቱ ብርሃን የሚያሳልፈው ደግሞ ፀሐይ ላይ ስታነሳው ቀለሙ ከውስጥ ያበራል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ የሥዕሉ ጉዳይ ነው። ቀጫጭን መስመር ላለው ሥራ እኔ ደፋኑን እመርጣለሁ።

የአውሮራ_ነፋስ

በማኅተሙ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሁልጊዜ መጀመሪያ ማጥፋት የለባችሁም። የማኅተሙ ፎይል ቀለም አያስገባም፣ ማለትም ራሱ እንደ ስቲከር ይሸፍናል። ማኅተሙን ሳትነኩ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አቅልሙት፣ ከዚያ በኋላ ፎይሉን ጥረጉት። የማኅተሙ ቅርጽ በነጭ ተቀርጾ ይቀራል። ምንም ሳትቆርጡ ንጹሕ ሥራ ይወጣል።

ዋናው የመጣሁበት ግን ሌላ ነው። ምድጃም ስቲከርም የማይጠይቅ መንገድ አለ፣ ለጀማሪ እሱን ነው የምመክረው። የጺም መላጫ አረፋ። ከዲስኩ ሰፋ ያለ ትሪ ውሰዱ፣ አረፋውን ሞልታችሁ ላዩን በካርድ ቢጤ ደልድሉት። ማቅለሚያውን ፈሳሽ አድርጋችሁ አረፋው ላይ ጠብ ጠብ አድርጉት፣ በእንጨት ስንጥር እየጎተታችሁ እንደፈለጋችሁ አዙሩት። ከዚያ ዲስኩን በፊቱ ጫኑበትና ተዉት። ከ12 እስከ 24 ሰዓት። አትነካኩት፣ አታንሱት። ሲያልቅ ማጠብ ብቻ ነው።

ሚስጥሩ ዲስኩ ሲያርፍ ነው። የዲስኩ ፊት መሃሉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ካስተኛችሁት አየሩ በሌላው በኩል ይወጣል። ባንዴ ከደፋችሁት ግን አየር ይታፈናል፣ አየር የታፈነበት ቦታ ቀለም አይነካውም፣ ስታጥቡት ክብ ነጭ ነጠብጣብ ታገኛላችሁ።

ቀለም_ነካሪ

አረፋው እንደሚያምር አልክድም፣ ግን ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ሰው ቅርጽ ወይም ጽሑፍ ሲፈልግ አረፋ አያደርስም።

የአውሮራ_ነፋስ

እዚህ ላይ አልስማማም። የማይታወቀው ማቅለሚያው ሲቀጥን ነው። አረፋውን ትተህ ወፈር ያለ ሎሽን ወይም የተማሪ ነጭ ኮላ ብትጠቀም ያሰመርከው መስመር ባለበት ይቆማል። ኮላውን ትሪው ላይ አፍስሰህ፣ ቀለሙን በቀጭን አፍ ባለው ጠርሙስ ብትስልበት፣ አበባ ከሆነ አበባ፣ ላባ ከሆነ ላባ ይወጣልሃል። ከመሃል ወደ ጠርዝ በስንጥር ስትጎትተው የሚሠራው ቅርጽ በምላጭ ፈጽሞ የማይቆረጥ ነው። ደግሞም ሁለቱን ማጋጨት ለምን አስፈለገ? ስቲከር ለጥፈህ ፊደልህን ቆርጠህ ያንን ዲስክ አረፋው ላይ ጫነው። ፊደሉ ውስጥ እሳት የመሰለ ቀለም፣ ዙሪያው ንጹሕ ነጭ። ሙቀት ስለሌለው ደግሞ ስቲከሩ አይላላም።

ቀለም_ነካሪ

የመጨረሻው ሐሳብህ ጥሩ ነው። ይህን እሞክረዋለሁ።

የሁለት_ልጆች_እናት

ጤና ይስጥልኝ። የ14 ዓመት ልጄ ይህን ሊሠራ ወጥ ቤቴን እየተመለከተ ነው። ድስቱ በኋላ ለምግብ ይሆናል? ሽታውስ? በአፓርታማ ነው የምንኖረው፣ ታናሽ እህቱም አስም አለባት።

ላብራቶሪ_ቤት

እህቴ፣ ድስቱ ከዚያ በኋላ ለምግብ አይሆንም። ቢታጠብም አይሆንም። ማንኪያውም፣ ትሪውም፣ ቴርሞሜትሩም ለቀለም ብቻ መሆን አለባቸው። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ርካሽ ድስት ግዙለትና ላዩ ላይ በጉልህ ይጻፍበት፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሳያውቅ ሽሮ እንዳይሠራበት።

እነዚህ ማቅለሚያዎች ቆዳን ሊያስቆጡ ይችላሉ፣ አንዴ አለርጂ ከያዘ ደግሞ አብሮ ይኖራል። ጓንት ሁልጊዜ። ዱቄቱን ሲከፍት ማስክ ያድርግ፣ ዱቄቱ ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ይበናል። አይዳይ ፖሊ ውስጥ ከቀለሙ ጋር የሚመጣ ማጠናከሪያ አለ፣ ሲሞቅ ሽታው ከባድ ነው። አስም ያለባት ልጅ ባለችበት አፓርታማ ውስጥ ምድጃ ላይ እንዲሠራ አልመክርም። ውጭ፣ በረንዳ ላይ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሥራው። ወይም ወንድማችን ከአውሮራ እንዳለው በአረፋ፣ ያም ቢሆን በረንዳ ላይ። አሴቶን ያለ እርስዎ እንዳይነካ።

ካርድ_ያዥ (ሚኒያፖሊስ)

ስለ አሴቶን ካነሳችሁ፣ እኔ የማውቃቸው ልጆች የሚሞቀው ቀለም ውስጥ አሴቶን ይጨምራሉ። ቀለሙ ቶሎ ይገባል፣ ጥቁሩም ይጠቁራል። ለምን አልጠቀሳችሁትም?

ላብራቶሪ_ቤት

ያልጠቀስነው ሰው ቤት ስለሚያቃጥል ነው። አሴቶን 56 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አንተ ድስቱን 60 ልታደርስ ነው። የሚወጣው ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ ራቅ ያለ እሳት ወይም የኤሌክትሪክ ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል። በጋዝ ምድጃ ላይ ማሰብም አይገባም። ዱቄቱን ለአረፋ ወይም ለኮላ ለማሟሟት በጥቂት አሴቶን፣ በቀዝቃዛው፣ ውጭ መበጥበጥ ይቻላል። ማሞቅ ግን በፍጹም። ቀለሙ አልገባ ካለ ጊዜውን አርዝሙት፣ ወይም ማቅለሚያ ጨምሩበት። ይኸው ነው።

ካርድ_ያዥ

ገባኝ፣ ተቀብያለሁ። ለልጆቹም እነግራቸዋለሁ።

ጥለት_ወዳድ (ሲያትል)

እኔ ደግሞ የመጣሁት ስለ ጥለት ላወራ ነው። ዲስክ ክብ ነው፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚወርድ። ብዙ ሰው ጥለቱን እንዳለ መሃል ላይ ይለጥፈውና የተቆረጠ ጨርቅ ይመስላል። ዙሪያውን ስታስኬዱት ነው የሚያምረው፣ እንደ ነጠላ ጠርዝ።

እንዲህ አድርጉት። በዲስኩ ልክ ክብ ወረቀት ቁረጡ። አራት ጊዜ እጠፉት። ስትዘረጉት 16 እኩል ክፍል አለው። አንዱ ክፍል ላይ አንድ የጥለት ቅርጽ ሳሉ፣ አልማዝም ይሁን መስቀል፣ ከዚያ በየክፍሉ ድገሙት። ወደ መሃል የሚመለከተው ጎን ጠበብ፣ ወደ ውጭ የሚመለከተው ሰፋ ማለት አለበት። ይህችን ካስተካከላችሁ ዓይን አይስተውም። ጥለቱን ግን ጠርዙ ላይ እስኪታጠፍ አትውሰዱት። ስቲከሩ እዚያ ይሸበሸባል፣ በሸብሸቡ ሥር ቀለም ይገባል።

አሁን ወደ ቀለሙ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በሦስት ክብ መስመር የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ብዙዎች ሦስት ቀለም ገዝተው ሦስት ጊዜ እየሸፈኑ ይሠራሉ፣ በየመጋጠሚያው ነጭ ክር የመሰለ ክፍተት ይቀራል። አረንጓዴ አትግዙ። ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ብቻ ግዙ።

መጀመሪያ የአረንጓዴውን መስመር ክፈቱና ሰማያዊ ውስጥ ንከሩት። ሰማያዊው ፈዘዝ ያለ ይሁን፣ ከጠቆረ ቢጫው አያሸንፈውም። አጥባችሁ አድርቃችሁ ያንን መስመር መልሳችሁ ሸፍኑት። የቀዩን ክፈቱ፣ ቀይ ውስጥ ንከሩ። በመጨረሻ የሦስቱንም መስመር ሽፋን አንሱና ዲስኩን ቢጫ ውስጥ አስገቡት። ሰማያዊው አረንጓዴ ይሆናል። ቀዩ ሞቅ ይላል እንጂ አይበላሽም። መካከለኛው ቢጫ ይወጣል። ቢጫው በሁለቱ መሃል ስላለ ሰማያዊና ቀይ አይገናኙም፣ ሽፋኑም ወደ ቢጫው ክልል ትንሽ ቢያልፍ ምንም አይደለም ምክንያቱም እዚያ ቦታ ቀለም የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ነጭ ክፍተት የሚባል ነገር አይኖርም።

ጀማሪው_ከዳላስ

እህቴ ይህን አንብቤ ከወንበሬ ተነሳሁ። ጥቁር መስመር ብጨምርበትስ? ጥለቱን ከብቦ እንዲይዘው።

ጥለት_ወዳድ

ጥቁሩ ከሁሉም ይቀድማል። መጀመሪያ የጥቁሩን መስመር ብቻ ክፈትና ጥቁር አድርገው። ከዚያ በኋላ የትኛውም ቀለም ቢደርብበት ጥቁር ጥቁር ነው፣ መልሰህ መሸፈን አያስፈልግህም። ደንቡ ይህ ነው፦ ከጠቆረው ጀምረህ ወደ ፈዛዛው። በተቃራኒው ከሄድክ እያንዳንዱን ስትሸፍን ትኖራለህ።

ስቲከር_ቆራጭ (ቶሮንቶ)

እኔ በአማርኛ ፊደል ላይ ተቸግሬአለሁ። የላቲን ፊደል በማሽን ቆርጬ ስለጥፍ ምንም ችግር የለም። «ወ»፣ «መ»፣ «ፀ» ሲሆን የውስጡ ክብ ስቲከሩን ስነቅል አብሮ ይሄዳል፣ ወይም ቦታውን ይስታል። እንዴት ነው የምትሠሩት?

ቀለም_ነካሪ

ማስተላለፊያ ቴፕ ተጠቀም። ስቲከሩ ከወረቀቱ ሳይላቀቅ ከላይ ቴፑን ትለጥፍበታለህ፣ ቴፑ ክቦቹን ሁሉ በየቦታቸው ይዞ ያመጣቸዋል። ዲስኩ ላይ ካሳረፍክ በኋላ ቴፑን ወደ ራሱ መልሰህ አጥፈህ፣ ዲስኩን አስጠግተህ፣ ቀስ ብለህ ሳብ። ወደ ላይ ከሳብከው ትናንሾቹን ያነሳቸዋል።

በእጅ የምትቆርጥ ከሆነ ደግሞ ስቲከሩን ሙሉውን ዲስኩ ላይ ለጥፈህ እዚያው ቁረጥ። የውስጡ ክብ መጀመሪያውኑ የተለጠፈበት ቦታ ላይ ነው፣ የትም አይሄድም። አንተ የምትነቅለው በዙሪያው ያለውን ብቻ ነው። ለፊደል እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሠራው። የፊደሉን እግርና ራስ ወፈር አድርገው። መስመሩ ሲቀጥን ቀለሙ ከግራና ከቀኝ ትንሽ ይሰፋና «በ» እና «ሰ» መለየት ያቅታል።

ጀማሪው_ከዳላስ

የመጀመሪያው ወጥቷል! አንበሳውን በጥቁር ሠራሁት፣ ዳራው ብርቱካናማ ሆኖ ቀረ። ከሩቅ በጣም ያምራል። ከቅርብ ግን ጋማው ላይ ቀለሙ ከመስመሩ አልፎ ፈሷል፣ እንደ ደመና ጥላ ያለ ነገር። ሌላው ቦታ ንጹሕ ነው። ምክንያቱ ምን ይሆን?

ቀለም_ነካሪ

እንኳን ደስ አለህ! ጋማው ላይ ብቻ ከሆነ ሙቀቱ አይመስለኝም፣ ሙቀት ቢሆን ሁሉም ቦታ ይፈስ ነበር። ስቲከሩ እዚያ ቦታ አልተጣበቀም። ጋማ ብዙ ሹል ጫፍ አለው፣ ሹል ጫፍ ደግሞ መጀመሪያ የሚነሳው ነው። ሁለት ነገር አድርግ። ከቆረጥክና ከነቀልክ በኋላ በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ሰከንድ አሙቀው፣ ከዚያ በጨርቅ በተሸፈነ ካርድ እያንዳንዱን ጫፍ ተጭነህ እሸው። ለጥፈህ ወዲያው አትንከር፣ አንድ ሌሊት ይደር። ሹል ጫፎቹንም ጥቂት ዱልዱም አድርገህ ቁረጣቸው፣ ከሩቅ ልዩነቱ አይታይም።

ላብራቶሪ_ቤት

በተጨማሪ ዲስኩን በጣትህ ዳስሰው። አንዳንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ መሃሉ ላይ ትንሽ እብጠት አለው፣ ስቲከሩ እዚያ ላይ ድንኳን ይሠራል። ጋማው እዚያ አካባቢ ከነበረ ምክንያቱ እሱም ሊሆን ይችላል።

ካርድ_ያዥ

በውድድር ለምትጫወቱ፣ ያቀለማችሁት ዲስክ ሕጋዊ ነው። የፒዲጂኤ (የዲስክ ጎልፍ ማኅበሩ) ደንብ የሚከለክለው የዲስኩን በረራ የሚቀይር ለውጥን ነው። በእጅ የሚዳሰስ ውፍረት ያለው ቀለም የተቀባ ዲስክ አይፈቀድም። ማቅለሚያ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚገባ ውፍረት የለውም። ስፕሬይ ወይም የሥዕል ቀለም ቀብቶ ውድድር ላይ መምጣት ግን ችግር ነው። እንደገናም ደንቡ እያንዳንዱ ዲስክ የባለቤቱን የሚለይ ምልክት እንዲኖረው ያዛል። ስማችሁን ወይም ምልክታችሁን በቀለም ካስገባችሁ እሱም ተሟላ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ብዙ የሞቀ ዲስክ ጉብታው ሊለወጥ ይችላል። የምትወዱትን፣ በረራውን በልባችሁ የምታውቁትን ዲስክ ትኩስ ቀለም ውስጥ አትክተቱ። ለሱ አረፋው ይሻላል።

ጡረተኛው (አሌክሳንድሪያ)

ልጆች ሰላም ናችሁ? እኔ ጨዋታውን አላውቀውም። ልጄ በየቅዳሜው ሴኔካ ክሪክ ይሄዳል፣ ሰንሰለት ያለው ቅርጫት ውስጥ ሰሃን የመሰለ ነገር ሲወረውር ይውላል። ልደቱ ቀርቧል። «በርታ» የሚል ቃል በአማርኛ የተጻፈበት አንድ ልሰጠው ፈለግሁ። ገበያ ላይ የለም አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ልሠራው እችላለሁ?

ቀለም_ነካሪ

ጋሼ በደንብ ይችላሉ። እንዲያውም «በርታ» ለመጀመሪያ ሥራ የተመረጠ ቃል ነው። ከላይ ያስቸገረው የተዘጋ ክብ አንዱም ፊደል ላይ የለም። ዲስክራፍት ባዝ የሚባለውን በኢኤስፒ ፕላስቲክ፣ ነጩን ይግዙ። መካከለኛ ርቀት የሚሄድ ስለሆነ ልጅዎ የትም ሜዳ ላይ ይጠቀምበታል። ከላይ የጻፍኩትን ይከተሉ፣ ጥቁር ብቻ ይጠቀሙ። ፊደሉን ወፍራም አድርገው መሃል ላይ ይጻፉት።

ጥለት_ወዳድ

ጋሼ፣ ጽሑፉን በራስዎ እጅ ይጻፉት እንጂ ከኮምፒውተር አይገልብጡ። ነጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጽፈው፣ ወረቀቱን ስቲከሩ ላይ አድርገው ዙሪያውን በምላጭ ይከተሉት። የአባቱን የእጅ ጽሑፍ ማንም ሊሸጥለት አይችልም።

ጡረተኛው

ተባረኩ። የእጅ ጽሑፌ ድሮ ይመሰገን ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ፀሐይ ላይ ሲውል ቀለሙ ይለቃል?

የአውሮራ_ነፋስ

ጋሼ፣ ውሃ አያስለቅቀውም። ፀሐይ ግን ከጊዜ ብዛት ያፈዘዋል፣ ጥቁር ከሌላው ይሻላል። ሌላ ማወቅ ያለብዎት፣ ቀለሙ ፕላስቲኩ ውስጥ ቀስ በቀስ መንቀሳቀሱ አይቀርም። ቀጫጭን መስመሮች ከጊዜ በኋላ ጠርዛቸው ይለሰልሳል። ስለዚህም ነው ወፍራም ፊደል ይሁን የተባለው። ልጅዎ ዲስኩን በበጋ መኪና ውስጥ እንዳይተወው ይንገሩት። ይጣመማል፣ ከሌላ ነጭ ዲስክ ጋር ተደራርቦ ከሞቀም ቀለሙ ወደዚያኛው ሊተላለፍ ይችላል።

ጡረተኛው

እሺ። ነጩን ባዝ ዛሬ አዝዣለሁ። ድስትና ቴርሞሜትር ነው የቀረኝ።

ቀለም_ነካሪ

ጋሼ ለአንድ ዲስክ ድስት አይግዙ። የኔን ድስት፣ ብዩንም ጥቁሩንም ይዤ እመጣለሁ፣ ካሉበት ሩቅ አይደለሁም። እርስዎ ጽሑፉን ቆርጠው ስቲከሩን ለጥፈው ይጠብቁኝ፣ ማታ ለጥፈውት ቢያድር ይመረጣል። በውስጥ መስመር ይጻፉልኝና ቀን እንቀጥር። ልጅዎ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ሲሆን ብንሠራው አያይብዎትም።